ከቆርቆሮ በላይ የቆመ ዛፍ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የማውረድ ሥራ

ዛፍ መቁረጥ ማንም ይቆርጣል፤ ማውረዱ ነው ሥራው። ደሴ ይህን ቶሎ ታስተምራለች። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ተደርድራ የተሠራች ስለሆነች የላይኛው ጎረቤት ጓሮ ከታችኛው ጎረቤት ጣራ ጋር እኩል ነው። አንዱ ጊቢ የበቀለ ባህር ዛፍ ሲወድቅ መጀመሪያ የሌላው ቆርቆሮ ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ የውሃ ሮቶው ላይ፣ ከዚያ ተንሸራቶ መተላለፊያው ደረጃ ላይ። ኮምቦልቻ ሜዳ ናት፣ ቦታ አይጠፋም ይባላል፤ እዚያም ቢሆን መስመሩ፣ ግንቡና መጋዘኑ አላስፈናፍን ይላል። ከዚህ በታች ያለው መጋዝ ይዘው ወደ ሥራው ለሚገቡ ልጆች ነው፤ ዛፍ የሚያስቆርጥ ባለቤትም ምን መጠየቅ እንዳለበት ያገኝበታል።

መጀመሪያ ዓይን

ሞተር ከመነሳቱ በፊት ቢያንስ 20 ደቂቃ ዛፉን ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ከታች ብቻ አይደለም፤ ተዳፋት ላይ ያለ ዛፍ ከላይኛው ወገን ሆነው ካላዩት ማታለሉ አይቀርም። ከላይ በኩል ከግንዱ ግርጌ አፈሩ እንደ ጨረቃ ቅርጽ ከተሰነጠቀ ሥሩ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ሰው አይወጣም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ የደሴ አፈር በነሐሴ መጨረሻ እንኳን ዛፍ ቤትም ይዞ የሚሄድበት ቦታ አለ።

ቀጥሎ ሥሩ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ የውሃ ቧንቧ ሲቀበር፣ ጎረቤት የድጋፍ ግንብ ሲሠራ ሥር ይቆረጣል፤ ማንም አይናገርም። ቁፋሮው ከግንዱ ውፍረት 3 እጥፍ ርቀት ውስጥ ከገባ ያ ዛፍ በአንድ ወገን እግሩ እንደተቆረጠ ሰው ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግንድ ይህ ርቀት 1 ሜትር ከ20 ነው። ባለቤቱን «እዚህ የተቆፈረው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስነውርም።

ግንዱን በምሳር ጀርባ ከግርጌው ጀምሮ እስከ ደረት ድረስ ዙሪያውን ማንኳኳት። ጤነኛው እንደ ድንጋይ ይመልሳል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ኮምቦልቻ ላይ ምስጥ ከውስጥ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ያቆመው ግንድ ብዙ ነው። ባዶ ሆኖ ሳለ ጤነኛው የግድግዳ ውፍረት ከግንዱ ራዲየስ ሲሶ ካነሰ አለመውጣት ነው። ከግርጌው የእንጉዳይ ዘር ከበቀለ ከውስጥ መበስበሱን ይናገራል፤ ውጪው ቢያምርም አይታመንም።

ባላውንም ማየት ይገባል። ሁለት እኩል ግንድ ጠባብ ሆኖ ሲገናኝና ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ተቀብሮ ሲገባ መጋጠሚያው አልተጣበቀም፤ ተደግፎ ነው የቆመው። ሰፊ ሆኖ እንደ ሳህን የተከፈተ ባላ ይሻላል። በመጨረሻ ግንዱ ጉድጓድ ካለው ንብ ሊኖርበት ይችላል። ንብ ያለበት ዛፍ ላይ መጋዝ ይዞ መውጣት ሞት መጥራት ነው፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መሮጫ የለም። ንብ አናቢ ተጠርቶ ማታ ካነሳው በኋላ ይሠራል።

መስመር

ከዚህ ሥራ ሰው ከሚያጠፉት ነገሮች ውስጥ ሽቦ ከመጋዝ ይብሳል። ወደ ቤት የሚገባው ዝቅተኛ መስመር 220 እና 380 ቮልት ነው። ከምሰሶው አናት ላይ በስኒ በመሰለ ሸክላ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱት 3 ሽቦዎች ግን 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ይይዛሉ። እነዚህን መንካት አያስፈልግም፤ መቅረብ ይበቃል። ሰውም፣ መሰላልም፣ የሚወርደው ቅርንጫፍም ከ3 ሜትር በታች አይጠጋቸውም። እርጥብ ባህር ዛፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ዝናብ የነካው የቃጫ ገመድም እንደዚያው።

«መብራት ጠፍቷል» የሚለው ቃል የብዙ ሰው መጥፊያ ነው። የጠፋ መብራት ሳይነግር ይመጣል። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ እያለ አንድ ጎረቤት ጄኔሬተሩን ያለ አግባብ ከቆጣሪው ጋር አያይዞ ከሆነ ኃይሉ ተመልሶ ወደ መስመሩ ይወጣል። ስለዚህ መስመር ላይ የተጋደመ ዛፍ ሲገኝ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተነግሮ፣ ሠራተኛቸው መጥቶ መስመሩን ከዘጋና መሬት ካገናኘ በኋላ ብቻ ይቆረጣል። ቀን ቢፈጅም ይጠበቃል። ሽቦ ተበጥሶ መሬት ላይ ከወደቀ ከ10 ሜትር በላይ መራቅ፤ በአካባቢው ያለ ሰው ደግሞ እግሩን ሳያነሳ፣ ሁለቱን እግሮች አጠጋግቶ እየጎተተ ይውጣ። ረጅም እርምጃ መሬቱ ላይ የተዘረጋውን ኃይል በአንድ እግር አስገብቶ በሌላው ያስወጣል።

ፈቃድና ጎረቤት

ባህር ዛፍ በራስ ጊቢ ውስጥ ብዙም አያከራክርም፤ አገር በቀል ዛፍ ግን ሌላ ነው። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 በመንግሥትና በክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በስም ተጠቅሰው ነበር፤ የኋላ አዋጆችም አገር በቀሉን ሲጠብቁ ኖረዋል። በግል ጊቢ ቢሆንም ከቀበሌ ደብዳቤ ሳይያዝ እንዲህ ያለ ዛፍ አይነካም። እንጨቱ በአይሱዙ የሚወጣ ከሆነ የመጫኛ ወረቀቱ ከቆረጣው በፊት ይያዝ፤ ኬላ ላይ ተይዞ ግማሽ ቀን ከመለመን ይሻላል።

የቤተ ክርስቲያን ዛፍ የሰበካ ጉባኤው፣ የመስጊድ ዛፍ የኮሚቴው ፈቃድ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው «ቁረጥ» ስላለ አይበቃም። ሰዎች ወዳጃ (የጸሎትና የምርቃት ስብሰባ) የሚቀመጡበት፣ አድባር የሚሉት ዋርካ ወይም ሾላ ካለ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ ደረቅ ቅርንጫፉ እንኳ አይወርድም። ወሎ ውስጥ ይህን የዘነጋ ቆራጭ ሥራ ለማግኘት ሰፈር መቀየር አለበት።

ከታች ያለውን ጎረቤት ቀድሞ ማናገር የሥራው ግማሽ ነው። «እማማ፣ ነገ ጠዋት ከላይ ዛፍ ልናወርድ ነው፤ የታጠበ ልብስ አያስጡ፣ ልጆቹን ወደዚህ አያስወጡ» ማለት ደቂቃ አይፈጅም። ዲሹ፣ የልብስ ገመዱ፣ ሮቶው፣ የጪስ ማውጫው የት እንዳለ በዚያው ይታያል። ቀድሞ የተቀደደ ቆርቆሮ ካለ ባለቤቱ፣ ጎረቤቱና ቆራጩ አብራችሁ ቆማችሁ ማየት፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት። ከሥራው በኋላ «እናንተ ቀደዳችሁት» የሚል ጭቅጭቅ ያስቀራል።

መጋዙ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መውረድ ግን ለሞተር መጋዝ አገር እንደመቀየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ መጋዝ ደሴ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፦ ይጨሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ ሲጫኑት ይንተባተባል፣ ካንዴላው ጥቁር ይሆናል። ይህ ያናድዳል እንጂ አይገድልም።

የሚገድለው ተቃራኒው ነው። ደሴ ላይ ተቆጥቦ የተስተካከለ መጋዝ ወደ ኮምቦልቻ፣ ይባስ ብሎ ወደ ከሚሴ ሲወርድ አየሩ ይበዛና ቤንዚኑ ያንሰዋል። ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም አብሮ ያንሳል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ይጮኻል፣ ጉልበት ያገኘ ይመስላል፤ ካንዴላው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ብዙ ሰው «ቤንዚኑ መጥፎ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መፍትሔው ኤች የሚል ፊደል ያለበትን ብሎን ሲወርዱ ወደ ግራ፣ ሲወጡ ወደ ቀኝ፣ በአንድ ጊዜ የዙር ስምንተኛ ብቻ እያዞሩ ማስተካከል ነው። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ያለ ጭነት ሲያሠሩት ድምፁ ትንሽ ሊንተባተብ፣ እንጨት ሲገባ ግን ሊጠራ ይገባል። ባይጠራ እንኳን ቤንዚን ከሚያንሰው ይሻላል። ራሱን የሚያስተካክል ካርቡራተር ያለው መጋዝ ይህ ችግር የለበትም።

ቅልቅሉ ላይ መገመት የለም። ጥሩ የሁለት ታይም ዘይት ከሆነ 1 ለ 50፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር። ዘይቱ ምንነቱ ካልታወቀ 1 ለ 25፣ ማለትም ለ1 ሊትር 40። በመርፌ ሲሪንጅ ይለካል፤ ሲሪንጅ ከየትኛውም ፋርማሲ ይገኛል። በቆርኪ የሚለኩ አሉ፤ ቆርኪው ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የተቀላቀለ ቤንዚን ከወር በላይ አይቀመጥ፣ ከመሙላት በፊት ዕቃው ይናወጥ።

ለሰንሰለቱ ያገለገለ የመኪና ዘይት የሚሞሉ ብዙ ናቸው፤ ርካሽ ስለሆነ ነው። በውስጡ ያለው የብረት ፍርፋሪ የዘይት ፓምፑንና ባሩን፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ ይበላል፣ ቆዳንም ይጎዳል። የሰንሰለት ዘይት ባይገኝ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይሻላል። አንድ ታንክ ቤንዚን ሲያልቅ የሰንሰለት ዘይቱም ወደ ማለቁ ሊደርስ ይገባል፤ ሞልቶ ከተገኘ መንገዱ ተደፍኗል።

መጋዙ የሚጥለው ቅሪት ዱቄት ሲሆን ዶልዱሟል፤ ስለታም ሰንሰለት ጠፍጣፋ ስንጥር ነው የሚያወጣው። የዶለዶመ መጋዝ ሰው እንዲጫነው ያደርጋል፤ ሲጫኑት ደግሞ ያንሸራትታል። ክብ ሞረዱ ከሰንሰለቱ ጋር ይመጣጠን፦ ለትንሹ ሰንሰለት 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኛው 4.8፣ ለትልቁ 5.2። አንግሉ 30 ዲግሪ፣ ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር ይሞረድ፤ 3 ከሆነ 3፣ 5 ከሆነ 5። በአንድ ወገን ያሉት ጥርሶች ካጠሩ መጋዙ ጠምዞ ይቆርጣል። ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ በየአራት አምስት ሙረዳው በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ማድረግ አለ፤ ከጥርሱ ጫፍ የምታንሰው 0.65 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ከዚያ በላይ ዝቅ ካለች መጋዙ ይናከሳል።

ሌላው የሚዘነጋው ሰንሰለት ሲሞቅ መርዘሙ ነው። ሥራ ላይ ላላ ብሎ ከተወጠረ ማታ መፈታት አለበት፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ሞተሩን ያጣምማል። ሲነሳ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የኋላው እጀታ በእግር ተረግጦ፣ የሰንሰለት ፍሬኑ ተይዞ ነው፤ በአየር ላይ እያወዛወዙ መንጠቅ የጭን ጠባሳ ያተርፋል። የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት አይንካ፤ ከነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ቆራጩ ይዘልላል። ለዚህ ነው በአንድ እጅ የማይያዘው።

መውጣት

እግር ላይ ገመድ አስሮ በባዶ እግር ባህር ዛፍ መውጣት በዚህ አገር የቆየ ጥበብ ነው፤ ፈጣን ነው፣ አንንቀውም። የሚጎድለው ሲደርሱ ነው፦ እጅ ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ መጋዝ ሲይዝ አንዱ ግንድ ሲያቅፍ የሰውየው ሕይወት በአንድ ክንድ ላይ ይቀራል። ለኮንስትራክሽን ከሚሸጡት የደህንነት ቀበቶዎች ውስጥ ወገቡ ላይ ሁለት የጎን ቀለበት ያለው ይመረጥ፤ ጭኑንም የሚይዝ ይሁን። ወገብ ብቻ የሚይዝ ቀበቶ ሰው ሲንጠለጠልበት ትንፋሽ ያሳጥራል። ግንዱን የሚዞረው ማሰሪያ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ባይገኝ ሁለተኛ ገመድ ከላይ ባላ ላይ ይታሰር። መጋዝ ሲሠራ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ታስሮ ነው። አንዱን መጋዙ ቢቆርጠው አንዱ ይቀራል።

የቃጫ ገመድ ለሰው አይሆንም፤ ውስጡ ሲበሰብስ ውጪው አይታወቅም። 12 ሚሊ ሜትር የናይለን ወይም የፖሊስተር ገመድ፣ ለሰውና ለእንጨት የተለየ፣ በቀለም ምልክት የተደረገበት ይሁን። እንጨት ያወረደ ገመድ ዳግም ሰው አይሸከምም። በየጠዋቱ ገመዱን ከጫፍ ጫፍ በእጅ እየዳሰሱ ማየት፤ የጠነከረ፣ የሳሳ ወይም የቀለጠ ቦታ ከተገኘ እዚያው ቆርጦ ማሳጠር።

ጫት ቅሞ የሚወጣ አለ። ምርቃናው ደፋር ያደርጋል፤ እጅ መድከሙን ግን አይነግርም። ጾም ላይ፣ ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ፣ ከባዱ ሥራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይጠናቀቅ፤ ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ያለው ይሠራ።

ቅርንጫፍ እንዴት ይቆረጣል

ሥራው ሦስት ቁርጥ ነው፤ አንድ ቁርጥ የሚያደርግ ሰው ቅርፊት ልጦ ግንዱን ይገፍፈዋል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሥር ወደ ላይ የቅርንጫፉን ሲሶ። ሁለተኛው ከዚያ ወደ ጫፍ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ ይወርዳል፣ ቅርፊቱ ግን እዚያች የታችኛዋ ቁርጥ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው የቀረውን ጉማጅ ነው። እዚህ ላይ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ያለችውን እብጠት ማየት፤ ቁስሉን የምትዘጋው እሷ ናት። ከእሷ ወደ ውጭ ጥግ ይቆረጣል። ከግንዱ ጋር ደርዞ መቁረጥ ለዓይን ያምራል፣ ቁስሉን ግን እጥፍ ያደርገዋል። ረጅም ጉማጅ መተው ደግሞ ለምስጥ በር መክፈት ነው። ቁስሉ ላይ ቀለም፣ ጭቃ ወይም ዘይት መቀባት አያስፈልግም፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል።

በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው ቅጠል ከሩብ በላይ አይነሳ። ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ጫፉን ቁረጡልኝ» ነው። ጣራ ላይ ያጋደለ ባህር ዛፍ ጫፉ ሲቆረጥ ለአንድ ክረምት ያሳርፋል፤ ከዚያ ከቁርጡ ዙሪያ 8፣ 10 ቀንበጥ ይፈላል። እነዚህ ከቅርፊቱ ሥር ብቻ የተጣበቁ ናቸው። ከዓመታት በኋላ እያንዳንዱ እንደ አጣና ሲወፍር ነፋስ እየገነጠለ ይጥለዋል፤ ከሥራቸው ያለው ቁስልም በስብሷል። ስለዚህ ለባለቤቱ እውነቱን መንገር ይሻላል፦ ከቆርቆሮ በላይ ያለ ባህር ዛፍ ወይ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል፣ ወይ ከጉቶ እየተቆረጠ አጭር ሆኖ ይያዛል። ጫፍ ቆርጦ መሄድ ለቆራጩ ሥራ ያመጣል፤ ለባለቤቱ ግን ወጪ።

በገመድ ማውረድ

ደሴ ላይ ቦታ ስለሌለ አብዛኛው ዛፍ ከላይ ወደ ታች እየተቆራረጠ ይወርዳል። እዚህ ላይ ክብደት ማወቅ ግዴታ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ በግምት እንደ ውሃ ይመዝናል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ 1 ሜትሩ 30 ኪሎ ገደማ፣ 30 ሴንቲ ሜትሩ 70 ኪሎ፣ 40 ሴንቲ ሜትሩ 125 ኪሎ። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህንን የማያውቅ ሰው «ትንሽ ከፍ ብዬ ልቁረጥ» እያለ ገመድ ይበጥሳል።

ገመዱ በሸምቀቆ ቅርንጫፉ ላይ ይታሰራል፣ ከቁርጡ በላይ ባለ ባላ በኩል ያልፋል፣ መሬት ላይ ደግሞ በዛፉ ግርጌ ይጠመጠማል። ለ50 ኪሎ 2 ዙር፣ ለ100 ኪሎና ከዚያ በላይ 3 ዙር፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ይይዘዋል። ገመድ እጅ ላይ ወይም ወገብ ላይ መጠምጠም ግን ፈጽሞ የለም። ቅርንጫፉ ሲለቀቅ መሬት ያለው ሰው ወዲያው ጭምድድ አያድርገው፤ ገመዱን ትንሽ እያስሮጠ ቀስ በቀስ ያቁመው። በድንገት ቢያዝ ግማሽ ሜትር የወደቀ ግንድ ገመዱን ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይጎትተዋል፤ ሰውየው የታሰረበት ግንድም አብሮ ይወዛወዛል። ገመድ ያዡ ሁልጊዜ ከላይኛው ወገን፣ ከሚወርደው ነገር ወደ ጎን ርቆ ይቆማል። ላይ ያለው «ወረደ!» ሳይል አይቆርጥም፤ ታች ያለው «እሺ» ሳይል አይወርድም። መተላለፊያው ላይ ሦስተኛ ሰው ይቁም፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ሥራ ይቆማል።

ቦታ ሲኖር መጣል

ኮምቦልቻ ዳር ወይም ደሴ አጠገብ ገራዶ በኩል ቦታ ሲገኝ ዛፉ በአንድ ጊዜ ይጣላል። ቁመቱን ለማወቅ ከክንድ ርዝመት ጋር እኩል የሆነ ዱላ በተዘረጋ እጅ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ዱላው ዛፉን ከግርጌ እስከ ጫፍ እስኪሸፍን ወደ ኋላ መሄድ። ያ ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ተዳፋት ላይ ግን ከዛፉ ግርጌ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ካልተቆመ ያታልላል። ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቀት ውስጥ ከቆራጩ በቀር ሰው አይኑር።

ተዳፋት ላይ ወደ ቁልቁል መጣል መጥፎ ነው፤ ርቆ ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ይንከባለላል። ወደ ጎን፣ ዳገቱን አግድሞ ይጣል፤ ሠራተኛው ሁሉ ከላይ በኩል ይቁም። ዛፉ በሚወድቅበት ወገን ግንዱ ላይ የሚቆረጠው አፍ የግንዱን ሩብ ያህል ገብቶ 70 ዲግሪ ያህል ይከፈት። ከጀርባ ሲቆረጥ ማጠፊያ የሚሆን እንጨት ይተዋል፤ ውፍረቱ የግንዱ አሥረኛ፣ ማለትም ለ40 ሴንቲ ሜትር ግንድ 4 ሴንቲ ሜትር። ይህች ማጠፊያ ዛፉን ትመራለች፤ እሷን የቆረጠ ሰው ዛፉ ወዴት እንደሚሄድ አያዝም። ባሩ በደንብ ሲገባ ከኋላ ሽብልቅ ይመታል። ሽብልቁ ከደረቅ ወይራ ቢጠረብ ይበቃል፤ የብረት ከሆነ ሰንሰለቱን ይጨርሰዋል። ዛፉ ሲንቀሳቀስ መጋዙን ትቶ በተዘጋጀው መንገድ ወደ ኋላ በሰያፍ መውጣት።

ያጋደለ ባህር ዛፍ ለብቻው ይነገር። ከጀርባው እንደ ልማዱ ሲቆረጥ ማጠፊያው ሳይደርስ ግንዱ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ቆራጩ ደረት ይነሳል። አፉ ከተከፈተ በኋላ ባሩን በመካከል አሳልፎ ማጠፊያውን መሥራት፣ ከኋላ ትንሽ እንጨት እንደ መያዣ መተው፣ መጨረሻ ላይ እሷን መቁረጥ ነው መንገዱ። ይህን ሌላ ሰው ሲሠራ ሳያይ ማንም አይሞክረው።

እንደ ዛፉ

የፈረንጅ ጥድ አጥር ቅጠል እስካለበት ድረስ ይከረከማል፤ ቡናማው ውስጡ ከተነካ አያቆጠቁጥም፣ ቀዳዳው ይቀራል። ግራቪሊያ ይሰባበራል፣ መገረዝ ግን ይችላል፤ ዱቄቱ ቆዳ ያሳክካል፣ ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ጃካራንዳም እንደዚያው ተሰባሪ ነው፤ ቅርንጫፍ እየመረጡ ማሳሳት እንጂ መጨፍጨፍ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ያበዛበታል። ወይራ ሰንሰለት ያዶለዱማል፤ ሞረድ ይዞ መሄድ ነው፤ ባለቤቷም ፍልጡን ለጭስ ስለምትፈልገው ቀድሞ ይጠየቅ። ማንጎና አቮካዶ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ይገረዛሉ። አቮካዶ ጥላው ሲነሳ ቅርፊቱ በኮምቦልቻ ፀሐይ ይቃጠላል፤ የተጋለጠውን ግንድ ኖራ መቀባት ነው። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው ዓይን ያሳውራል፤ መነጽር ሳይደረግ አይነኩ፣ ከገባም ሳያሹ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ሐኪም ቤት።

ባህር ዛፍ ዳግም እንዲያቆጠቁጥ ከተፈለገ በጋው ማለቂያ ላይ፣ ከመሬት 10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዲፈስ በትንሽ ሰያፍ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ ይቆረጥ። ቀንበጦቹ የሰው ቁመት ሲያህሉ ጉቶው ላይ ዝቅ ብለው የበቀሉ 2 ወይም 3 ይተዉና ሌላው ይነሳ። ደሴ ተዳፋት ላይ ጉቶ መንቀል አንመክርም፤ ሥሩ ነው አፈሩን ይዞ ያለው።

ዋጋና መጨረሻው

ዋጋ በዛፉ ቁመት ብቻ አይተመንም። የሚተመነው በሚያርፍበት ነው፦ ሜዳ ላይ በግማሽ ቀን የሚወድቅ ዛፍ ከሰርቪስ ቤት በላይ ሲሆን ሁለት ቀንና ሦስት ሰው ይፈጃል። ከመጀመሩ በፊት እንጨቱ የማን እንደሆነ ይነገር፤ ቋሚና ማገር የሚወጣው ግንድ አንድ ነገር፣ ፍልጡ ሌላ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ሌላ። ቅጠሉን ለእንጀራ መጋገሪያ የሚወስዱ እናቶች ብዙውን ጊዜ ጊቢውን ጠርገው ነው የሚሄዱት፤ መጥራት ነው። ቆርቆሮ የሚቀደድ ከሆነ ማን እንደሚከፍል በዚያው ይወሰን።

ለቁስል ንጹሕ ጨርቅ፣ ሰፊ ማሰሪያና ባጃጅ የሚጠራ ስልክ ቅርብ ይሁን። ደም ሲፈስ በጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ማንሳት የለም። ብረት የነካው ቁስል ትንሽ ቢሆንም የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ይወጉበት።

መሰላሉ ከመውረዱ በፊት የመጨረሻው ሥራ አሸንዳው ነው። የባህር ዛፍ ቅጠልና የመጋዝ ዱቄት አሸንዳ ውስጥ ገብቶ ከቀረ በመጀመሪያው ዝናብ ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ባለቤቱም የሚደውለው ለዛፍ ቆራጩ ነው። በእጅ ተጠርጎ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ፈስሶበት፣ ከታች ባለው ቱቦ ሲወጣ ታይቶ መሰላሉ ይወርዳል።